የአዴ ገለቴ እርማት

ጠጅቱ የፎክሎር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ዓለም ገና ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አምስት ሳምንት ሲቀራት፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ ለጓደኞቿ የምታቀርብበት ተራ ደረሰ።

ጓደኞቿ ስድስት ናቸው፤ የታሪክ፣ የፍልስፍናና የቋንቋ ተማሪዎች። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለሱ ተዋውቀው ነው የቅዳሜ ውይይት የሚሉትን ቡድን ያቋቋሙት። አስተማሪ አይጠሩም። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ይሰበሰባሉ። አንዱ ጽሑፉን ያነባል፣ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። አቅራቢው ግን የሁሉም ጥያቄ ተጠይቆ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አይመልስም። ደንቡን ያወጣው የፍልስፍና ተማሪው ጃለታ ነው። "ሰው አፉን ሲከፍት ጆሮው ይዘጋል" ይላል። ጠጅቱ ከሁሉም የምትፈራው እሱን ነው።

የዚያ ቅዳሜ ስብሰባ ቡራዩ ነበር። ጠጅቱ ዓለም ገና ታክሲ ስትገባ፣ ጎረቤቷ አዴ ገለቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ለጥናቷ የሆኑትን ዘፈኖች ከሰጧት ሴቶች ዋናዋ እሳቸው ናቸው።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ?" አለቻቸው በኦሮምኛ ሰላምታ። "ወዴት ነው?"

"ቡራዩ፣ ልጄ ዘንድ። ከሥራ የምትወጣው ስድስት ሰዓት ነው አሉ። እስከዚያ በሯ ላይ መጎለቴ ነው።"

"ምን በወጣዎት! ከእኛ ጋር ይቆያሉ። እንዲያውም ስለ እርስዎ ዘፈን ነው የማነበው።"

አዴ ገለቴ ደስ አላቸው። አየር ጤና ወርደው ሌላ ታክሲ ያዙ።

ቡራዩ የሚሰበሰቡት በአንድ የቤተ ክርስቲያን መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉን የሚያስፈቅደው የታሪክ ተማሪው ባርናባስ ነው፤ አባቱ ከደቡብ መጥተው ግንበኛ ሆነው የኖሩ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ሁሉም ጉልበቱን ወደ አገጩ አስጠግቶ ይቀመጣል። ባርናባስ ለአዴ ገለቴ ብቻ የመምህሯን ወንበር አመጣ።

ጠጅቱ ማንበብ ጀመረች። ምዕራፉ ስለ አንድ ዘፈን ነው። ሴቶች በደቦ ቤት ለመምረግ ጭቃና ጭድ ሲረግጡ የሚዘፍኑት ነው። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስትመልሰው እንዲህ ነበር፦

"ግድግዳውን አቆምኩት፣ ቤቱ ግን አላወቀኝ፤
አፌ ደረቀብኝ፣ እጄም ባዶ ቀረ።"

ይህ ዘፈን፣ አለች ጠጅቱ፣ ከተማው ሲሰፋ መሬቷ የሄደባት ሴት እንጉርጉሮ ነው። የደረቀው አፍ ጩኸቷ ሰሚ ማጣቱን ያሳያል። አሥራ ዘጠኝ ገጽ አነበበች። አማካሪዋ "ግሩም ትንታኔ" ብለው ያጸደቁት ምዕራፍ ነበር። መሀል ላይ ቀና ስትል አዴ ገለቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። የሚያለቅሱ መሰላት።

ሲያልቅ መጀመሪያ የጠየቀው ጃለታ ነው።

"ሐዘን መሆኑን በምን አወቅሽ? ዘፋኟን ጠይቀሻታል?"

ጠጅቱ አልጠየቀችም። ድምፃቸውን ቀድታ ቤቷ ገብታ ነው የተረጎመችው። ሌሎቹም ጠየቁ። በመጨረሻ አዴ ገለቴ፣ ሌሎቹ ሲያደርጉ እንዳዩት፣ እጃቸውን አወጡ።

"እኔስ እጠይቃለሁ?"

"ይጠይቁ እንጂ እናቴ" አለ ባርናባስ።

"ይቺ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን ናት?"

አዴ ገለቴ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ለካ ሲስቁ ኖሯል።

"እኛ ለቅሶ አልሄድንም፤ ጭቃ ልንረግጥ ነው የሄድነው። ባለቤቲቱ ንፉግ ናት። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ እሷ ጠላውን ደብቃለች። ታዲያ ምን እንበላት? 'ጠላ አምጪ' ማለት ነውር ነው። 'አፌ ደረቀ' እንላታለን! እጄ ባዶ ነው ማለትስ? ዋንጫ አልያዝኩም ማለት ነዋ!"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጃለታ እንኳ ከትንሿ ወንበር ሊወድቅ ነበር። ጠጅቱ ብቻ አልሳቀችም። ደንቡ ባይይዛት "ተምሳሌታዊ ትርጉሙ ግን" ብላ ትጀምር ነበር። ቋንቋውንማ ታውቀዋለች፤ ያላወቀችው ጭቃውን ነው። በኪራይ ቤት፣ በብሎኬት ግድግዳ መሀል ነው ያደገችው። ተራዋ ደርሶ እንድትመልስ ሲጠይቋት ደብተሯን ገለጠች።

"አዴ፣ ቀጣዩ ስንኝስ?"

እስከ ስድስት ሰዓት አወሩ።

አዴ ገለቴ ወደ ልጃቸው ከሄዱ በኋላ ባርናባስ ቀስ ብሎ፣ "አማካሪሽ አጽድቀውታል፤ እንዲሁ አስረክቢና በኋላ ታስተካክይዋለሽ" አላት። ለእሷ አዝኖ ነው። እሷም ለአንድ አፍታ ልቧ ወደዚያ አዘነበለ። ከዚያ የአዴ ገለቴ ሳቅ ትዝ አላት።

"ስማቸው ያለው እዚያ ላይ ነው" አለች። "እንዴት ብዬ ደጃቸው አልፋለሁ?"

"ሌሎቹንም ሴቶች ጠይቂያቸው" አለ ጃለታ። "ስትቀጂ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሥራውን እንካፈላለን።"

ሰኞ አማካሪዋ ዘንድ ገባች። ዶክተሩ የሆነውን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔም እኮ አልጠየቅኩሽም" አሉ። ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ፈቀዱላት።

ጠጅቱና ጃለታ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ዳርቻ አምስት ሴቶችን ዞረው አነጋገሩ። አራቱ እንደ አዴ ገለቴ ሳቁ። አምስተኛዋ፣ እማማ ብዙነሽ፣ አልሳቁም። "አዎ፣ ድሮ መሳቂያችን ነበር። መሬቱ ከሄደ ወዲህ ግን ለብቻዬ ቀስ አድርጌ እዘፍነዋለሁ" አሏት፤ ዘፈኑላትም። ጠጅቱ የመቅጃውን ቁልፍ መንካት ረስታ አለቀሰች። ጃለታ ነው የቀዳው።

አዲሱ ምዕራፍ ሁለቱንም ያዘ። ጭቃው ላይ የሚሳቅበትንም፣ ለብቻ የሚዘፈነውንም በየዘፋኞቹ ቃል ጻፈችው። በሰኔ ፈታኞቿ ፊት ቀርባ በጥሩ ውጤት አለፈች። አንደኛው ፈታኝ አዴ ገለቴን በስም ጠቅሶ የሚቀጥለውን ስንኝ ጠየቃት፤ በቃሏ አለችለት።

ቡድኑም ሌላ ደንብ ጨመረ፤ አቅራቢ የሆነ ሁሉ በጽሑፉ ካነሣቸው ሰዎች አንዱን ይዞ ይመጣል። ቀጣዩ ተራ የባርናባስ ነው፤ ስብሰባውም ሱሉልታ። ጽሑፉ ከደቡብ የመጡ የግንባታ ሠራተኞች ስለቆረቆሯቸው ሰፈሮች ነው። እዚያ ላይ "መረጃ ሰጪ አራት" የተባሉት የገዛ አባቱ ናቸው።

አባትየው ቅዳሜ ጠዋት የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ታክሲው ጋ ደረሱ።

"እዚያ የተማረ ሰው መሀል እኔ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?"

"ያልገባህን፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ብዙ ነው" አሉና ቀድመውት ገቡ።