የወዲያ ማዶው ፍርድ

ሚሎይካ ጣሊያን ድንበር ላይ ካለችው የጎሪዚያ ከተማ ፍርድ ቤት የገባችው ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ተሸክማ ነው። የልጇ የኔዣ የትምህርት ውጤት፣ የሐኪም ካርድ፣ ፎቶ፣ ምን ያልያዘችው አለ! የሚሎይካ አባት ሎይዜም ከረባቱን አስሮ ለምስክርነት ተከትሏታል።

ሚሎይካ በምትኖርበት በስሎቬኒያ ያለው ፍርድ ቤት ኔዣ ከእናቷ ጋር ትኑር ብሎ ወስኗል። የቀድሞ ባሏ ፉሪዮ ግን የሚኖረው ጣሊያን በኩል ነው፤ ከቤቷ በእግር የሚደረስበት ሰፈር። ልጅቷን ለሁለት ቀን ብሎ ወስዶ አልመልስም አለ። «የናንተ ዳኛ እዚህ ማንን ያዛል?» ብሎ ሳቀባት።

ሎይዜ ከተማውን ለሁለት አገር የከፈለው የድንበር አጥር በወታደር ሲጠበቅ ያደገ ሰው ነው። «የጣሊያን ዳኛ ለኛ ፍርድ? ሞኝሽን ፈልጊ! ሄጄ ራሴ ይዣት እመጣለሁ» ሲል ሰነበተ።

«አባዬ፣ ያኔ ጠላፊዎቹ እኛ እንሆናለን» ብላ ነው ያስቆመችው። እውነቱን ለመናገር እሷም አላመነችም። ድንበር ላይ ያደገ ሰው ወዲያ ማዶ ሲሻገር ሁሉን እንደ አዲስ ማስረዳት ያለበት ይመስለዋል።

ጣሊያናዊቷ ዳኛ የስሎቬኒያውን ፍርድ ተቀብለው አነበቡ። ሚሎይካ ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል «ይተዉት» አሏትና ወደ ፉሪዮ ዞሩ። «ስሎቬኒያ ሲከሰሱ መጥሪያ ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል፤ ግን...»

«ልጅቷስ ሐሳቧን ተጠይቃለች?»

«ተጠይቃለች።»

«እንግዲያው ጨርሰናል።»

ሎይዜ አላስቻለውም። «ምስክር አይሰሙም እንዴ? ከረባቱን በከንቱ ነው ያሰርኩት?»

ዳኛዋ ሳቅ አሉ። «እዚያ ሰምተዋል፣ አባቴ። እኔ እንደ አዲስ ልስማ ካልኩ ነገ የኔን ፍርድ ማን ይቀበልልኛል?»

«እርስዎ እኮ የኛ ዳኛ ነዎት!» አለ ፉሪዮ።

«ነኝ። ሁለቱ አገሮች የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሲገቡ የገቡት ቃል ግን አንድ ነው፤ ሰውን ሳይሰሙ አይፈርዱም፣ አንዱ ሰምቶ የፈረደውንም ሌላው ይቀበላል። ተበድያለሁ ካሉ ይግባኝ የሚሉት እዚያው ነው።» ቀጥለው ወደ ሚሎይካ አዩ። «ልጅቷ ዛሬውኑ ትመለሳለች። ፍርዱ የሚፈጸመው ግን ሙሉውን ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ የአባትየው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሚሎይካ ልጇን አቅፋ መንገድ ላይ አለቀሰች። ስንት ቀን የታፈነ ትንፋሽ ያን ጊዜ ወጣላት። እፎይ!

የፉሪዮ ተራ ሲደርስ ግን ሎይዜ በሩ ላይ ቆመ። «አትላኪያት! እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

ሚሎይካም ፈርታለች፤ ግን የኔዣን ጃኬት ቆለፈችላት። «ጣሊያኖቹ የኛን ዳኛ አምነው ልጄን ሰጡኝ። እኔ የራሴን ዳኛ ፍርድ ላፍርስ? ዞር በል፣ አባዬ።»

እሁድ አመሻሽ ላይ የበሩ ደወል ሲጮኽ እየሮጠች ከፈተች። ኔዣ ቆማለች፤ ፉሪዮ ከኋላዋ መሬት መሬት ያያል።

«እንዳትሰጊ ብዬ ቀደም አድርጌ አመጣኋት» አለ።

ሚሎይካ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችና «ግባ፣ ብርድ ነው» አለችው።