በረዶው ያዘገየው መርዶ

ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው የአየር ሁኔታውን በአማርኛ የማሰማው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ዲኤፍደብሊው በሚባለው የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ከመኪና ማቆሚያው ሰው የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ መንገዱ ያው መንገድ፣ ዙሩ ያው ዙር ስለሆነ ሬዲዮ እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬም የተቃናው በዚያው ነው። አንድ ዓመት ዊንተር ላይ መንገዱ በበረዶ መስተዋት ሆኖ ሳለ እናቶች ለጸሎት ሲመጡ አየሁና፣ የሚባለውን በድምፄ እየቀዳሁ ቴሌግራማችን ላይ መልቀቅ ጀመርኩ።

ነገሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ፎርት ዎርዝ ያለው የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ክፉው ገና ከሩቅ ሲታየው፣ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ ይላል። እየቀረበ ሲመጣና እርግጠኛ ሲሆን ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ የትኛው ካውንቲ፣ የትኛው ወረዳ ላይ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ሊያደርስ እንደሚችል። ከዚያ ቴሌቪዥኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አውራ ጎዳናው ላይ ያለው የመብራት ሰሌዳም ያንኑ ይቀባበላሉ። ሳይመጣ ቢቀርም አያፍሩም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግመው ይናገራሉ። እኔ ይህን እወድላቸዋለሁ። ሰው ድንገት እንዳይያዝ ብለው ነው።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀድቼ እንደ ለቀቅሁ እትዬ አሰለፈች ደወሉ። የእናቶች ኅብረት መሪ ናቸው፤ ሰርግም ሐዘንም ያለ እርሳቸው አይሆንም። ስለ በረዶው ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። የዕፀገነት ወንድም ገብረ ሥላሴ ሐዋሳ ላይ ማረፉን ነገሩኝ። ከሥራ ተመልሶ፣ ጫማውን አውልቆ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ።

ዕፀገነት ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ከእኛ ብዙ የማይርቅ አፓርትመንት ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ታገላብጣለች። አገር ቤት ያሉት እናቷ ከታመሙ ቆይተዋል፤ አልጋ ከያዙ ወዲህ በየእሁዱ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ስማቸው ይነሣል። የገብረ ሥላሴ ስም ግን አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ጤነኛ ሰው ነበረ። አባታቸው ሲሞቱ እርሷን ያስተማረው እርሱ ነው፣ እናቱንም ያስታምም የነበረው እርሱ ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ተያይዘው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መኖር አለበት። እትዬ አሰለፈች ቅዳሜ ማለዳ ብለው ቆረጡ፤ የአክስቷ ልጅ ሳሙኤል ከዴንቨር ዓርብ ይገባል። እኔ በረዶው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል ብላቸው፣ ባለፈውም እንደዚሁ ብለኸን ፀሐይ ወጣ አሉኝ። ወጥቶ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ዛሬውኑ እንሂድ ብል፣ ዘመድ በሌለበት፣ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር እንዴት ይነገራታል አሉ። ይህም እውነት ነው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ማስጠንቀቂያው ወጣ። ከቤት አትውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ ቧንቧችሁን ሸፍኑ፣ መብራት ቆጥቡ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ በድምፄ አሰማሁ። ከሰዓት በኋላ እንደ ተባለው ጀመረ። ሲወርድ ዝናብ ነው፣ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆናል። የሳሙኤል አውሮፕላን ካንስል ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ መኪናዎቹ ሁሉ በብርጭቆ የተለበጡ መስለዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ሌሊሳ ፎርት ዎርዝ፣ እትዬ አሰለፈች ጋርላንድ ነው የሚኖሩት፤ ማንም መንቀሳቀስ አልቻለም። ከሰኞ በፊት አይቀልጥም ይላል ትንበያው። እንግዲህ እስከ ሰኞ ይቆይ ተባለ። ጭንቁ ግን ፌስቡክ ነው። አገር ቤት ያለ አንድ ዘመድ የገብረ ሥላሴን ፎቶ ከሻማ ጋር ከለጠፈ፣ ዕፀገነት ብቻዋን፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ታየዋለች። ስለዚህ ሁሉም በየፊናው ይጠብቃት ጀመር።

እኩለ ቀን ላይ ራሷ ደወለችልኝ።

«ወንድም ባስልዮስ፣ ይሄ በረዶ እኔ ቤት ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ከነጋ ስልኳ እንዳላረፈ ነገረችኝ። ፓስተሩ ደውሎ ውሃ አለሽ ወይ ብሏታል። ከእርሷ ጋር ከተኳረፈች ዓመት ያለፋት ጽጌ ደውላ ሂተርሽ ያሞቃል ወይ ብላታለች።

«እትዬ አሰለፈችማ፣ ፌስቡክ እንዳትከፍቺ፣ መብራት ይጨርሳል አሉኝ። ማስጠንቀቂያው ላይ አለ፣ ባስልዮስ ነው ያለው አሉ።»

እኔ ያልኩት የልብስ ማጠቢያና ማሞቂያ ነው። ሳላስበው ሳቅኩ፣ እርሷም ሳቀች።

«እኔ እኮ ከእርሳቸው ጋር ስንት ሰው ቤት ሄጃለሁ» አለች። «ብቻዋን ናት ወይ፣ ስልኳን የያዘላት አለ ወይ ተባብለን አይደል የምንገባው።»

ነገሩን ወደ በረዶው ልመልሰው፣ ማስጠንቀቂያው እኮ ብዬ ጀመርኩ።

«አትንገረኝ» አለች። «በስልክ እንዳትነግረኝ። ሰው እስኪመጣ እቆያለሁ።»

እንዳትዘጋብኝ ብላ ለመነችኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ እማዬ እንዲህ ትላለች ትል ነበር፣ እየቆየች እማዬ እንዲህ ትል ነበር አለች። ጎረቤት ያኮረፋቸው እንደሆነ እናቷ ጨው ሊበደሩ ይሄዱ ነበር፤ ጨው ቤት ሞልቶ ሳለ። ያንን እየነገረችኝ ትስቃለች፣ ትነፋረቃለች። ዕድሜ ጠግባለች፣ ተሠቃይታለች፣ ጌታ አሳረፋት አለች። እኔ አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይደለም ብል መርዶ ነው። አሃ፣ አሃ እያልኩ ብቻ በልቤ እጸልያለሁ።

«እኔስ አንዴ ተዘጋጅቻለሁ» አለች። «አንጀቴን የሚበላኝ ገብሬ ነው። ያለ እርሷ አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። እኔ ብደውልለት ድምፁን ስሰማ መርዶዬ ያ ይሆናል። አንተ ደውልልኝ። ዕፀ አይዞህ ብላሃለች፣ በርታ ብላሃለች በለው።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ስልኩን ዘግቼ ለእትዬ አሰለፈች ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

«በሕይወት ያለች እናቷን እያለቀሰች ነው?»

«አዎ።»

«ለሞተው ደግሞ አይዞህ በሉልኝ ትላለች።»

«አዎ፣ እትዬ።»

እስከ ሰኞ እንዲህ አትውልም አሉ። ዘመድም እኔም እንቅር፣ አንተና ስርጉት ሂዱ፣ ሁለት ሰውም ሰው ነው አሉኝ። ስርጉት ባለቤቴ ናት። ነገሩን ስነግራት ወፍራም ካልሲዎች አወጣች፤ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ከጫማው በላይ ይጠለቃል። በገዛ ድምፄ ከቤት አትውጡ ብዬ ያሰማሁት እኔ፣ ሚስቴን ይዤ ወጣሁ።

በመኪና ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ነው። እኛ አጥር ለአጥር፣ እየተደጋገፍን፣ እንደ ሕፃን እየተንፏቀቅን ሄድን። የዛፍ ቅርንጫፍ ከላያችን እየተሰበረ ይወድቃል። አንድ ቦታ ስርጉት ወደቀች፤ ላነሣት ስጎትት እኔም ከጎኗ ቁጭ አልኩ። እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥን ምን ብለህ ነው የምትጀምርላት አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። አንተ ተናገር፣ እኔ እይዛታለሁ አለች፤ ተነሣን።

ገና አንዴ ሳንኳኳ ከፈተች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ጠረጴዛውን ጥግ አስይዛ፣ ያሏትን ወንበሮች በሙሉ፣ የመኝታ ቤቱን በርጩማ ሳይቀር፣ ግድግዳውን አስጠግታ ደርድራለች። ለራሷ ለቅሶ ቤቷን ብቻዋን አሰናድታ ነው የጠበቀችን። ኑ ግቡ፣ እግራችሁ ረጥቧል አለችን፤ ለእኛ አዘነች። ስርጉት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን አቀፈቻት።

«በል አሁን ንገረኝ» አለችኝ። «እማዬ መቼ ነው ያረፈችው?»

ጌታ ሆይ እርዳኝ አልኩና፣ «ዕፀዬ፣ እናትሽ በሕይወት አሉ» አልኳት።

ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ፊቷ በሙሉ በራ። ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። እኔ አብሬያት ተመስገን አላልኩም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ስርጉት ዞረች። የስርጉት ክንድ ትከሻዋን አልለቀቀም፤ እንዲያውም ጠበቅ አደረጋት። ዕፀገነት አንገቷን አዘንብላ፣ የማን እንደሆነ እንዳላወቀች ሁሉ፣ ያንን የያዛትን እጅ ትመለከተው ጀመር።