የተገዘተ ቀንበጥ

አስቻለች ጄሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው ስልኩን ያነሳችው። ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ካልተነሳ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የደወለችው ሞጣ ያለችው ልጇ ወይንእሸት ነበረች፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ሰልሏል።

«በላሽ ወይ?» አለች አስቻለች፣ ሰላምታውን ሁሉ ትታ።

«ኧረ ተይኝ፣ እማ።»

«ውኃስ?»

«ውኃውም ተመለሰ።»

አስቻለች እንዳዘለች ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አለች። ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ጽንስ በዚሁ ወር ገደማ ወርዶባታል። አሁንም ጤና ጣቢያ በተመዘነች ቁጥር ክብደቷ ይቀንሳል፤ እንደምንም ካልበላሽ ለአንቺም ለጽንሱም ያሰጋል ብለዋታል። የሁዳዴ ጾም ቢሆንም የነፍስ አባቷ ፈትተውላታል። ባሏ አስናቀውም ያላመጣላት የለም። ግን እንቁላሉም ወተቱም ገና ከደጅ ሲሸታት ያጥወለውላታል።

«እማ፣ አትሳቂብኝ» አለች ወይንእሸት።

«ምን የሚያስቅ ነገር አገኘሁና ነው?»

«የአባዬ ዛፍ ሸተተኝ። ያ ቀዩ ቀንበጥ። አባዬ በፈላ ውኃ ነከር አድርጎ በጨው የሚሰጠን። ትናንት ሽታው መጣብኝና ምራቄን ዋጥሁ። የሚበላ ነገር አስቤ ምራቄን ከዋጥሁ እኮ ቆየሁ። እማ፣ እሱን ባገኝ…»

ስልኩ ተቋረጠ። አስቻለች ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነም።

ዛፉ ጓሮ ነው። ባሏ ሰማው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቻይናዎች መንገድ ሲሠሩ የካምፓቸው ዘበኛ ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት፣ ቀልድ የሚወድ ቻይና፣ አንድ ቀን ሥር ያለው እንጨት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሰጠው። ለጌጥም ለምግብም ነው አለው፤ በከፊል በአማርኛ፣ በከፊል በእጁ። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በመጋቢት እንደገና እሳት የመሰለ ቀንበጥ ያወጣል። ቀንበጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ቅጠሉ ሳይዘረጋ ይቀጠፍና በፈላ ውኃ ይነከራል። ወጥ ቤቱ ደግሞ አጥብቆ የነገረው አንድ ነገር ነበር፤ በየዓመቱ አናቱን ቁረጠው፣ ካልቆረጥከው ወደ ሰማይ ይሄድብሃል።

ሰማው በሕይወት እያለ በየዓመቱ አናቱን ይቆርጠው ነበር። ዛፉ ከሰው ቁመት ብዙም ሳያልፍ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ ልጆቹ እየተንጠራሩ ይቀጥፋሉ። የቢቸና ሰው «የሰማው ዛፍ» እያለ ቀይ ቅጠሉን ሊያይ ይመጣ ነበር። ሰማው ሲሞት ግን አስቻለች ቢላም መጥረቢያም እንዲነካው አልፈለገችም። እንደ ፍላጎቱ አደገ። ቆንጆ ዛፍ ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያየዋል። የሚበላው ነገር ግን ከጣሪያው በላይ ወጣ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አስቻለች ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ማጭድ አስራ፣ በርጩማ ላይ ቆማ ስትታገል ቆየች። የወደቀላት ሁሉ የተዘረጋ ቅጠል ነበር፤ ጠንካራ፣ መራራ። ለጋው ያለው እንጨቷ ከማይደርስበት ከጫፉ ጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ የሚወጣም አይገኝም። ክንዷ ዛለ። ልትወርድ ስትል ነው ዓይኗ በቅንጭቡ አጥር ላይ ተሻግሮ ያረፈው።

የጎረቤቷ የአያ ፋንታ ጓሮ ቀይ በቀይ ሆኗል።

እየደጋገመች አየች። የሰማው ዛፍ ነው። ሥሩ በአጥሩ ሥር አልፎ በሰውየው ጓሮ ላይ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ገና ያልተዘረጋ፣ በእጅ የሚደረስ፣ በብብት የሚታቀፍ ቀንበጥ። በመካከሉ የአያ ፋንታ ጌሾ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

አስቻለች ከበርጩማው ወርዳ እዚያው ተቀመጠች። ያ ጓሮ ለምን እንዲያ እንደሆነ ሳይነግሯት ገባት።

የሰማው ተዝካር ሰሞን ነበር። አያ ፋንታ ጥላው ጌሾዬን ገደለብኝ ብለው ወደ እሳቸው ዘንበል ያለውን ቅርንጫፍ ቆረጡት። እሷ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰማች፤ በማቅ እንዳለች ወጣች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዚህ ዛፍ ከእንግዲህ አንዲት ቅጠል ቢነኩ በኪዳነ ምሕረት ገዝቼዎታለሁ» አለች። አያ ፋንታ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሰላም ከመባባል በቀር አንዱ የሌላውን ደጅ አልረገጠም።

ልጇ ላይ ጽንሱ የወረደባት ከዚያ በኋላ ነው። አስቻለች ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ያለ ቦታው የተጣለ ግዝት ወደ ጣለው ሰው ይዞራል ሲባል ሰምታለች። ወደ እኔ ይዙር፣ ምን አለበት፤ ወደ ልጄ ሆድ ቢሆንስ? ስትፈጭም ስትጋግርም ይህ ሐሳብ አብሯት ነው። ደክሟታል። እንቅልፍ የሚያስወግደው ዓይነት ድካም አይደለም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ኪዳንን ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው በመቋሚያቸው ተደግፈው አዳመጧት።

«ለመሆኑ ግዝት የማን ሥልጣን ነው?» አሏት።

«የካህን ነው፣ አባ።»

«አንቺ ክህነቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከኀዘኔ።»

አባ ወልደ ኪዳን ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። «እመቤታችን በልጅሽ ሆድ ቂም የምትወጣ አድርገሽ አሰብሻት?» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ከግዝቱም ይብሳል። ጉልበትሽ የቻለውን ያህል ስገጂ። የሰውየውን ሕሊና ግን አስረሻል፤ እሱን እኔ በሌለበት አትፈቺውም። ነይ እንሂድ።»

አያ ፋንታ ደጃቸው ላይ የማጭድ እጀታ ሲጠርቡ ደረሱ። መስቀል ተሳልመው ቄሱን አስቀመጡ፤ አስቻለች ቆማ ቀረች።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ፋንታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ደግሞ ምን ላይ ልትገዝቺኝ መጣሽ? አባንም ይዘሽ መጣሽ፤ ይሄኛውስ የጠበቀ ነው።»

«ኧረ አስቀምጣት!» አለች ሚስታቸው አምሳለች ከውስጥ። «ቆማ መቅረቷን አታይም?»

አስቻለች ተቀመጠች። የልጇን ነገር እንዴት እንደምትጀምር ስታስብ አያ ፋንታ ቀደሟት፤ በጥርቡ እንጨት ወደ ጓሮው አመለከቱ።

«መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበር የወጣው። ይሁን አልሁ። ድንች ልተክል ስቆፍር ደግሞ ዶማዬ ሥሩን የነካበት ቦታ ሁሉ ፈነዳ። እንዳልቆርጠው ተገዝቻለሁ። እንዳልተወው ጌሾዬን ጨረሰው። ይቺ ሴትዮ ጌሾ ስጠኝ ስትለኝ በቻይና ቅጠል ጥመቂ እላታለሁ።»

«እኔም ጠምቄ አጠጣሃለሁ» አለች አምሳለች።

አስቻለች አንገቷን ደፋች። «ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ፋንታ?»

«ምን ብዬ? ባሏን ከቀበረች ሴት ጋር ስለ ጌሾ ልከራከር?»

አምሳለች ውኃ በጣሳ ይዛ ወጣችና ሰጠቻት። አስቻለች ጠጥታ ጨረሰችና ተነሥታ በቄሱ ፊት ቆመች።

«በኀዘን አፌ ነው የገዘትሁዎት። አጥፍቻለሁ። ፈትቼዎታለሁ፤ እርስዎም ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ አባ ወልደ ኪዳን። አያ ፋንታም ቆባቸውን አውልቀው፣ «ይፍታን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የወይንእሸትን ነገር የነገረቻቸው። አምሳለች ይህን ሰምታ፣ «ያማራትን ከልክለን ልናቆያት?» ብላ ሰፌድ ልታመጣ ሮጠች። አያ ፋንታ ማጭዱን አንሥተው አንዱ ቀንበጥ ሥር ጎንበስ አሉና ቀና አሉ።

«አንቺ ጀምሪው» አሉ። «እጄ መፍራት ለምዷል።»

አስቻለች ቀንበጡን በጣቷ ቀነጠሰችው። ጓሮው ሽንኩርት ሽንኩርት አለ። ሰማው አጠገቧ የቆመ መሰላት፤ አላለቀሰችም፤ ማልቀስም አቅም ይጠይቃል።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ድንገት አያ ፋንታ። «ዛሬ መኪና አለ እንዴ?»

አልነበረም። መንገዱ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከተቀጠፈ ይጠወልጋል። ካልተቀጠፈ ደግሞ ይዘረጋል፣ ይጠነክራል። አያ ፋንታ ማጭዱን መልሰው ሰቀሉት። «ግንዱ ላይ ይቆይ። ከሰፌድ ግንዱ ይሻላል። መኪና ሲገኝ እኔ ቀጥፌ አመጣልሻለሁ።»

አስቻለች በየጠዋቱ መናኸሪያ ትወርዳለች፤ በየጠዋቱ ረዳቶቹ ገና ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዙላታል፤ ዛሬም የለም ማለታቸው ነው። ከዚያ አያ ፋንታ ጓሮ ትገባለች። ትናንት ጣት የሚያህለው ዛሬ ክንፍ አውጥቷል። ይኼኛው አለፈበት፣ ያኛው ገና ነው እያሉ ሁለቱ አብረው ያያሉ። እንዲህ ሲሰነብቱ፣ አንድ ቀን አስቻለች ከአጥሩ በላይ የቆመውን የሰማውን ዛፍ ቀና ብላ አየችና፣ «ከሞጣ ስመለስ አናቱን ይቁረጡልኝ» አለች።

አያ ፋንታም ዛፉን ከሥሩ እስከ አናቱ አዩት። «አንቺ ቆመሽ እያየሽ ከሆነ» አሉ።

መኪናው አርብ ጠዋት ተገኘ። አስቻለች ፌስታሏን ይዛ ስትጣደፍ አያ ፋንታ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው፣ ሌላም ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ የታሰረ ችግኝ አንጠልጥለው መናኸሪያ ደረሱ። ጋቢያቸው በጤዛ ርሷል።

«ኮባው ለልጅቷ ነው። ችግኙ ለአማችሽ» አሉ። «ከጎረቤት አጥር ያርቀው በይልኝ።»

መንገዱ ረጅም ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ ወረዱ፣ ተፈተሹ፣ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። አንድ ፈታሽ ኮባውን ገለጥ አድርጎ አሸተተና፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አላት። «የነፍሰ ጡር አምሮት ነው» አለችው። ሳይነካ ሸፈነው። አስቻለች ኮባውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በደረሱበት ውኃ እየረጨችበት፣ ከጠወለገ ምን እላታለሁ እያለች ሄደች። ልጅቷ አምሮቷ አልፎ ከሆነስ? ሌላ ነገር አምሯት ቢሆንስ?

ሞጣ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ወይንእሸት አልጋ ላይ ናት፤ የጉንጯ አጥንት ወጥቷል። አልጋው ሥር ሳፋ ተቀምጧል። አስቻለች ሳመቻትና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ማድ ቤት ገባች። ውኃ አፈላች። ቀንበጡን ስትነክረው ቀዩ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። አስናቀው በር ላይ ቆሞ ወደ ሳፋው ያይ ጀመር።

ከመኝታ ክፍሉ፣ «እማ» የሚል ድምፅ መጣ። «ዘይት ጠብ አድርጊበት።»

ጨውና ዘይት አድርጋ፣ ከትፋ፣ በትንሽ እንጀራ አቀረበችላት። ወይንእሸት አንድ ጊዜ ጎረሰች። አኘከች። ዓይኗን ጨፈነች። እናትም ባልም ሳፋውን ያያሉ። ሁለተኛ ጎረሰች። ለሦስተኛው ቀና ብላ ትራሱን ተደገፈች።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች። «ፊታችሁን አዙሩልኝ፣ ልብላበት።»

አስቻለች ፊቷን አዞረች። ከዚያም፣ እዚያ ቆማ ትንፋሽ ከመቁጠር ይሻላል ብላ፣ ችግኙን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። አስናቀው ዶማ ይዞ ተከተላት።

«አጥሩ ጥግ ላይ ልቆፍርለት፣ እማማ? እዚያ ከነፋስ ይጠለላል።»

«ተው ልጄ፣ ከአጥር ይራቅ። መሐል ላይ አድርገው። በየዓመቱም አናቱን ቁረጠው፤ አትዘንለት።»

እሱ ቆፈረ፤ እሷ በርከክ ብላ ሥሩን ቀበረች፣ አፈሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ከቤት የሳፋ ድምፅ ይመጣ እንደሆን ጆሮዋን ሰጠች። አልመጣም። የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። አሁንም ጠበቀች፤ አሁንም አልመጣም።

«እማ» አለች ወይንእሸት ከውስጥ። «ከዚያ ነገር ቀርቷል ወይ?»

«ቀርቷል። መጣሁ» አለች አስቻለች። ለመነሣት መሬቱን በእጇ ተደገፈችና ተወችው። «አንተ ቀድመህ ስጣት፤ አታስቸኩላት» ብላ አስናቀውን ወደ ውስጥ ላከችውና፣ አፈር በያዘው እጇ ችግኙን ደግፋ፣ እዚያው ትንሽ ተቀመጠች።