ከብብት ሥር ያለው ጨርቅ

አገኙ እባላለሁ። ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ባሌ የሻው እዚሁ መንጌ ወርቅ ሲቆፍር መሬት ከበላው ወዲህ ደግሞ የጉድጓድ አፍ አልጠጋም። አፈሩን ሌሎች ያወጡልኛል፣ እኔ ወንዝ ዳር ተቀምጬ በገበቴ አጥባለሁ። የአገሬው የበርታ ሴቶች ይሥቁብኛል። ይሣቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ዓርብ ማንም አይቆፍርም፤ ወንዶቹ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ያን ዓርብ ግን ሰማዩ ጠቆረ። ከቆፋሪዎቹ የአንዱ፣ የአብዱልረሂም ሚስት ኢቲዳል፣ ባሏ ጉድጓድ ውስጥ ረስቶት የሄደውን ዶማ ዝናብ ሳይቀብረው ላውጣ ብላ ከአማቷ ከማሪያም ጋር መጣች። እኔ የትናንቱን አፈር እያጠብኩ ነበር።

"ተይው ባክሽ፣ ዛሬ ዓርብ ነው" አልኳት።

"አሁን እወጣለሁ፣ አገኙ" ብላ በቀርከሃው መሰላል ወረደች።

ወዲያው መሬቱ ዱብ ሲል ሰማሁ። ማሪያም በቋንቋዋ ጮኸች። አንዱ ግድግዳ ተደርምሶ መሰላሉን ሰብሮ ኢቲዳልን እስከ ጭኗ ቀብሯታል። በሕይወት አለች፤ ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። እኔን ለምን እንደምትጠራ እንጃ፣ የሰው ፈሪ መርጣ።

"ሮጬ ወንዶቹን ልጥራ" አልኩ። እግሬ የፈለገው ወንዶቹን አልነበረም፣ ከዚያ ቦታ መራቅን ነው። ማሪያም ይህ የገባት ይመስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ወንዶች ሩቅ ነው። ዝናብ ቅርብ ነው። አንቺ አይሄድም" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ።

ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። የባልዲውን ገመድ ወረወርንላት፣ ኢቲዳልም በብብቷ ሥር አዙራ አሰረችው። ሌላውን ጫፍ በማንጎው ግንድ ላይ ጠምጥመን ሳብን። ገና አንዴ ብንስብ ጮኸች። ስትፈራገጥ ሌላ አፈር ተንዶ ወገቧ ደረሰ።

"ተዉኝ! ቆረጠኝ!" ብላ ገመዱን ልታወልቅ እጇን ወደ ላይ አነሣች።

የሻውም እጁን አንሥቶ ነበር። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ሲገባበት ሕመሙን አልቻለም፤ እጁን አነሣ፣ ሾለከ፣ አፈሩ ወረደበት። ስበን ያወጣነው ባዶ ገመድ ነበር።

ለአርባው ቄስ ታምሩ ሲያጽናኑኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩኝ። ነቢዩ ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ሊሞት ሲል ያወጣው አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ገመድ ብቻ አልወረወረም አሉኝ፤ አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለትና ገመዱ እንዳይቆርጠው ከብብቱ ሥር አስደረገው። እኔ ግን ተናደድኩ። ለነቢዩ ጨርቅ ያሰበለት ተገኘ፣ ለየሻው ማን አሰበ? ቄሱም፣ "አቤሜሌክም ፈሪ ነበር፤ እግዚአብሔር በኋላ ከሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደሚያድነው ነገረው" አሉኝ። ያኔ ነገራቸው አልገባኝም ነበር።

አሁን ግን ያ ጨርቅ ትዝ አለኝና ነጠላዬን ገፈፍኩ። ማሪያምም ነገሩ ሲገባት የተጠቀለለችበትን ረጅም ጨርቅ፣ ቶቧን፣ ከላይዋ ፈትታ ሰጠችኝ፣ ገመዱንም ግንዱ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከሩቅ ብወረውረው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሆዴ ተኝቼ እየተሳብኩ ወደ አፉ ሄድኩ። ከደረቴ ሥር አፈሩ እየተፈረፈረ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማኛል። "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እላለሁ። አንገቴን አወጣሁና አየኋት፤ ነጠላውንና ቶቡን ወደ እጇ ጣልኩላት።

"እጅሽን አውርጂ" አልኳት። "ጨርቁን በሁለቱም ብብትሽ ሥር ጎስጉሺው፣ ገመዱ በላዩ ይሁን።"

"ፈራሁ፣ አገኙ።"

"እኔም ፈርቻለሁ። እየፈራሽ አድርጊው።"

እየፈራች አደረገችው። ተመልሼ ከማሪያም ጋር ያዝኩ። ቀስ ብለን ሳብን። ትንሽ በሳብን ቁጥር ግንዱ ላይ እናጠብቃለን፣ እሷም አፈሩን በእጇ እየጫረች እግሯን ታላቅቃለች። አቃሰተች እንጂ አልጮኸችም፤ እጇንም አላነሣችም። ጭንቅላቷ ብቅ ሲል ቀሚሷን ይዘን ሣሩ ላይ ጎተትናት። ዝናቡ ወረደ፣ ብዙም ሳይቆይ ጉድጓዱ ከነዶማው ተደፈነ።

ማሪያም ምራቷን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ግን የኢቲዳልን ክንድ ያዝኩና ወደ ላይ አነሣሁት።

"ምን ሆንሽ? ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ።

ነጠላዬን ከብብቷ ሥር ሳብኩና ገላዋን አየሁ። ቀልቷል፣ ሰምበር አውጥቷል፤ ቆዳው ግን አልተገፈፈም። የሻው ሬሳው ተቆፍሮ ወጥቶ ሲገነዝ እዚያው ቦታ ላይ ያየሁት ግን ገመድ የገፈፈው ሥጋ ነበር። ክንዷን እንደያዝኩ ዝናቡ ውስጥ ተቀመጥኩና፣ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ።