አንተ ራስህ ትቀጥራቸዋለህ?

ደምመላሽ ከስማዳ ሸዋ ሮቢት ሲመደብ፣ ሙቀቱን አልችለውም ብሎ ብዙ ተሟግቷል። በኋላ ለመደው፤ ከተማውንም ወደደው። በማሰልጠኛ ተቋሙ የአውቶ መካኒክ መምህር ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ የነበረው ሞተር አንድ ብቻ፣ ያውም ግማሽ አካሉ የጠፋ ነው። እሱ ግን ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ መኪና ፍሬኑ ግሎ አስፋልት ዳር በቆመ ቁጥር ሾፌሩን ይለምንና ሠልጣኞቹን እዚያው ሰብስቦ ያስተምራል። ከሁሉም እጇ የሚቀናው ሩቅያ ነበረች፤ ከአርጎባ መንደር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ። ስትመረቅ ጋሽ ዘውዴ ጋራዣቸው ውስጥ ሊቀጥሯት ቃል ገብተውላታል።

እኚህ ጋሽ ዘውዴ ባለ ጋራዥ፣ ባለ ጭነት መኪናና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። የተቋሙን አማካሪ ቦርድ፣ ማለትም የከተማውን ቀጣሪዎች ስብስብ፣ የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። መምህር የሚባል እዚያ ስብሰባ ገብቶ አያውቅም። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ግን መምህራንም ይሳተፉ የሚል መመሪያ ከክልል ወረደ። ዲኑ ጌታሰው ደምመላሽን ለብቻው ጠራውና፣ ሌሎቹ ፈሪዎች ናቸው፣ አንተ ግን እውነቱን ንገራቸው፣ ችግራችንን ካልሰሙ እንዴት ይረዱናል አለው። ደምመላሽ ደስ ብሎት ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ።

ተናገረም። መፍቻ እንኳ ለሠልጣኞቹ እንደማይዳረስ፣ ባለ ጋራዦቹ ልጆቹን እየተቀበሉ ቢያለማምዱ ግን ዓመት ሳይሞላ ሙያተኛ እንደሚሆኑ አስረዳ። ጋሽ ዘውዴ በትዕግሥት አዳመጡት። ላብ ሲያጠምቀው አይተው ውሃ በእጃቸው ቀዱለት።

“ጥሩ ተናገርክ መምህር” አሉት። “እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጋራዥ ቢኖርህ እነዚህን ልጆች አንተ ራስህ ትቀጥራቸዋለህ?”

ደምመላሽ ጌታሰውን አየው። ጌታሰው፣ በርታ እንደማለት ራሱን ነቀነቀለት።

“አሁን ባሉበት ሁኔታማ አልቀጥርም። ግን እኮ…”

“ይበቃል” አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ ወደ ሌሎቹ ዞረው። “ከባለቤቱ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምመላሽ “ግን” ብሎ የጀመረውን የሚሰማው አላገኘም። በዚያው ቀን ቦርዱ የአውቶ ክፍሉ ይዘጋ ብሎ መከረ። ብዙም ሳይቆይ ወርክሾፑ ለጋሽ ዘውዴ የሽንኩርት መጋዘን እንዲሆን በኪራይ ተሰጠ። ነገሩ ለደምመላሽ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ዲኑና ሰውየው አስቀድመው ጨርሰዋል፣ የቀራቸው ከመምህር አፍ የሚወጣ ቃል ብቻ ነበር።

ጌታሰው ሠልጣኞቹን ባንዲራው ሥር አቁሞ፣ ክፍላችሁን የዘጋነው እኛ አይደለንም፣ አይረቡም ብሎ የመሰከረው የገዛ መምህራችሁ ነው አላቸው። ደምመላሽ እዚያው ቆሟል። ትናንት የመኪና ጎማ አብረውት ሲያወልቁ የነበሩት ልጆች በአጠገቡ ሲያልፉ መሬት ላይ እንትፍ እያሉ አለፉ። ሩቅያ ብቻ ቀረች።

“ቲቸር፣ እኔንም ነው?” አለችው።

አንቺን አይደለም ብሎ ማለ። እጇን ይዞ የሚጎትታት በሚመስል ችኮላ ወደ ጋሽ ዘውዴ ጋራዥ ይዟት ሄደ። ጋሽ ዘውዴ ፀሐይ ላይ አቁመዋቸው ቆይተው፣ በሠራተኞቻቸው ፊት አነጋገሯቸው። ደምመላሽ፣ እኔ እሷን አላልኩም፣ ከማንም ትበልጣለች ብሎ ለመነ።

“ከሩቅያ በስተቀር ብለህ ነበር?”

“አላልኩም።”

“እንግዲያው!” አሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። “የኔ ልጅ፣ ያስተማረሽ ሰው የማይቀጥርሽን እኔ በምን አንጀቴ ልቀጥርሽ? ለሠራተኞቹ ወጥ መሥራት ከቻልሽ ግን ነገ ነይ።”

መካኒኮቹ አሽካኩ። ሩቅያ ሻርፗን አጠባብቃ ብቻዋን ወጣች።

ደምመላሽ ከሥራው አልተባረረም። ጌታሰው፣ አንተማ መናገር ታውቅበታለህ ብሎ የመምህራን ተወካይ አድርጎ በቦርዱ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተራው የምግብ ዝግጅት መምህርቷ የሐረገወይን ነበር። ክፍሏ ምድጃ እንኳ የለውም። ጋሽ ዘውዴ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቋት፣ ሁሉንም ዓይኔን ሳላሽ እቀጥራለሁ አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ደምመላሽም አጨበጨበ፤ ጌታሰው እያየው ስለነበር ቶሎ አላቆመም።

ከስብሰባው ሲመለስ የኮብልስቶን ማኅበራት ለመንገድ የሚነጠፍ ድንጋይ በሚጠርቡበት በኩል አለፈ። ሩቅያ ከጠራቢዎቹ መካከል ተቀምጣ በመዶሻ ትጠርባለች፤ ቅንድቧ በአቧራ ነጥቷል። የተሳፈረበትን ባጃጅ አስቁሞ ወረደ። ቀረብ ብሎ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤተሰቧ ጠየቃት። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው አለችው። ጎንበስ ብሎ የጠረበችውን ድንጋይ ማየት ጀመረ። እሷ ቀና ሳትል፣ በአክብሮት፣

“ቲቸር፣ ፈንጠር ይበሉ፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል” አለችውና መዶሻዋን አነሳች።