ከዓሣው ገንዳ በታች

ሃይደር ቤቱን ያወቀው ደረጃው ላይ ነው። ሰባተኛዋ እርከን ከሌሎቹ ሁለት ጣት ከፍ ትላለች፤ ዓይኑ ቢረሳ እግሩ አልረሳትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የመስታወት ሥራ ሳይጀምር፣ ፌራዮ ሆኖ የአርማታ ብረት ሲያስር የዋለበት ቤት ነው። ያኔ ሩዋንዳ ሰፈር ውስጥ በባሕር ዛፍ የተደገፈ ጅምር ነበር። ዛሬ እብነ በረድ ለብሷል፤ ባለቤቱ ገረመው ፎቁ ላይ ቆሞ የሚፈልገውን በእጁ ያሳየዋል። ሦስት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ቁመት ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ከነባሕር ዓሣው።

ገረመው የዋዛ ሰው አይደለም፤ ወለሉ ይችለው እንደሆነ ጠየቀ።

«ይችላል» አለ ሃይደር።

እንግዲህ ምን ይባላል! አፉን ምን አስቸኮለው? የዚያን ጥግ ሶሌታ፣ የአርማታውን ወለል፣ ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ሙሌቱ ዓርብ ቀን ነበር። የአርማታው መኪና በር ላይ ቆሞ እያጓራ ፌሮው አለቀ። ፎርማኑም በየአሥራ አምስት ሳንቲሙ መግባት ያለበትን ብረት በየሠላሳው ዘርጉት፣ አርማታ ሁሉን ይሸፍናል አለ። ሃይደር በገዛ እጁ ዘረጋው፣ አሰረው፣ ከዚያ ለጁምዓ ሮጠ። አርማታውም እንደተባለው ሸፈነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሃይደር ዝምታ ግን ነቀዘ። ያ ነገር እየከነከነው ፌራዮነቱን ጥሎ ወደ መስታወት ገባ፤ ከሱቅ መስኮት ወደ ዓሣ ገንዳ፣ ከትንሹ ገንዳ ወደ ትልቁ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ግን ሠርቶ አያውቅም። ስሙ የሚጠራበት ሥራ ነው፤ ሚስቱ ሰኪና እንኳ የካ አባዶ ላለ ጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ዘጠኝ ዓመት የቆመ ቤት ዛሬ ምን ይሆናል እያለ ራሱን ሸነገለ። ራሱን መሸንገል የፈለገ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም።

ሥራውን አሳምሮ ሠራው፣ ይሄን አልክድም። መስታወቶቹን ስምንት ሰው ተሸክሞ አወጣቸው። ሲሊኮኑን ጠርዝ ለጠርዝ ቀብቶ፣ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካው አድርጎ አደረቀው። አሸዋና ድንጋዩን ደረደረ። ግቢ ውስጥ ባለው ሮቶ የባሕር ጨው በተጣራ ውሃ በጠበጠ፤ ለካ፣ ጨመረ፣ እንደገና ለካ። ዓሦቹ የሚመጡት ውሃው ወር ያህል ከተረጋጋ በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት ፓምፑን አስነስቶ መሙላት ጀመረ።

ውሃው ሲሶው ላይ ሲደርስ ከታች የሚጣራ ድምፅ ሰማ። የገረመው እናት እማማ ተናኜ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከክፍላቸው ብዙም አይወጡም፤ ክፍላቸው ደግሞ ልክ ከገንዳው ሥር ነው። ሃይደር ወረደ።

«ልጄ፣ መላጊያ ይኖርሃል?» አሉት። «ይሄ በር ከጠዋት ጀምሮ አልዘጋ አለኝ። እስቲ ላግልኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ።»

ሃይደር በሩን ገፋው። ከላይ መቃኑን እየፋቀ ቆመ። እማማ ተናኜ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል አሉ፤ ወሩ ግን ጥር ነው፣ ጠብታ ከወደቀ ሦስት ወር አልፎታል። ትናንትስ ይዘጋ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ትናንት ራሳቸው ዘግተውት ተኝተዋል። ከበሩ በላይ ያለው ወለል ቁልቁል ወርዶ ተጭኖታል ማለት ነው፤ ገና በሲሶ ውሃ። እሳቸው የሚወርደው ውሃ ድምፁ ደስ እንዳላቸው፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣላቸው ያጫውቱታል።

ሁለት ሚሊ ላግ አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ መውጣት ይችል ነበር። አላሰበውም ብዬ አልዋሽም፤ አስቦታል። ግን ዓይኑ አልጋቸው ላይ አረፈ።

ሮጦ ወጥቶ ፓምፑን አጠፋ፤ ማፍሰሻውን ከፈተ። ጨዋማው ውሃ በጎማ ወደ ግቢው ሣር ሲወርድ ገረመው ደርሶ አብደሃል ወይ፣ ሣሩን ልትገድለው ነው ብሎ ተቆጣ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እማማን ከዚያ ክፍል ያውጧቸው» አለ ሃይደር። «ይሄ ወለል ፌሮ ጎድሎታል። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገረመው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፣ ቀጥሎ ሥራው ከብዶት የሚያመካኝ መሰለው። ሃይደር የዚያን ዓርብ ነገር አንድ በአንድ ሲዘረግፍለት ግን ፊቱ አመድ ሆነ። ሃይደር ይመታኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ገረመው ግን አልመታውም። እናቴን እዚያ ሥር አስተኝቼ፣ እናቴን እዚያ ሥር አስተኝቼ እያለ ወርዶ ከነወንበራቸው ተሸክሞ ግቢ አወጣቸው።

ውሃው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መሐንዲስ መጥቶ እስኪያይ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተባለ። ሃይደር ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ እማማ ተናኜ አቮካዶው ጥላ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሁሉን ነግሯቸዋል። ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ለመናቸው።

«ስምንት ዓመት ከሥሩ ተኝቻለሁ» አሉ። «ልጄ ዓሣ ባያምረው ኖሮ ትነግረን ነበር?»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«አልነግራችሁም ነበር፣ እማማ» አለ።

ፊታቸውን አዞሩበት።

መንገዱ ላይ የታክሲው ረዳት መገናኛ፣ መገናኛ ይላል። ሃይደር አንድ እግሩን አስገብቶ መልሶ አወጣው። ፌሮ ያነሰው ገረመው ቤት ብቻ አልነበረም። ያው ፎርማን በሳምንቱ አትላስ ጀርባ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ እንዲሁ አዘርግቶ አስሞልቶታል፣ በዚሁ በሃይደር እጅ። ዛሬ ምድር ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ባለፈው በዚያ ሲያልፍ የልጆቹን ጫጫታ ሰምቶ እርምጃውን አፍጥኖ ነበር። እዚያ ቤት ዓሣ የሚያምረው ሰው የለም። ረዳቱ ትገባለህ አትገባም ብሎ ጮኸበት፤ ሃይደር ግን መንገዱን ተሻግሮ በእግሩ ሄደ።

ዘበኛው በሩን ከፈት አድርጎ የየትኛው ልጅ አባት እንደሆነ ጠየቀው።

«የማንም አይደለሁም» አለ ሃይደር። «ኃላፊዋን ጥራልኝ። ይሄን ቤት የሠራ ሰው ነው በላት።»