ዓብዲሳ ውሃ ሲጠይቅ

የሟቹ ስልክ በጉርሙ ኮት ኪስ ውስጥ ሲጮኽ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ንፍሮ የምታዞረው ሴት ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ጉርሙ ስልኩን አውጥቶ አየውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እታገኝ ናት» አለ።

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ ካርታው ቀጠለ።

እታገኝ የዓብዲሳ ታላቅ እህት ናት፤ ኑሮዋ ጌዶ ነው። ወንድሟ አምቦ ላይ ታሞ፣ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሠልስቱም ወጥቶ እሷ ገና አልሰማችም። በደወለች ቁጥር የዓብዲሳ ልጅ ለሊሴ ታነሳና አባቴ አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ነው፣ እንዲናገር አልፈቀዱለትም ትላት ነበር። ዛሬ ግን ስልኩን ለጉርሙ ሰጠችው። ያቃታት ውሸቱ አልነበረም። አክስቷ ስለ አባቷ መጠየቁን ትታ «አንቺስ እህል ቀምሰሻል?» ማለት ጀምራለች፤ ያቃታት ይህ ነው።

የዕድሩ ዳኛ ዘሩባቤል ወንበሩን ጎትቶ መጣ። ጉዳዩ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም አለ። ሚኒባስ አዘጋጅቷል፤ ቅዳሜ ሌሊቱን ተነስተው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደጇ ደርሰው፣ እንደ ወጉ መርዶውን ሊያሰሟት ነው። ከዚያ ያነሰ ነገር ቢደረግ ጌዶ ያለው ዘመድ ምን ይላል? ወንድሟን እንደ ባዕድ ቀበሩት፣ እሷንም የሚያስለቅስ ሰው ነፈጓት ይላል።

«ያን ጊዜ የሆነውን ረሳችሁት?» አለች ለሊሴ። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጥቁር ሻርፗን ከወገቧ ሳትፈታ ነው ስታስተናግድ የሰነበተችው።

አልረሱትም። ለዚህ ነው ሁሉም መሬት መሬት ያየው።

ያን ጊዜ የሚባለው ከኮሮናው ዓመት በፊት ነው። የእታገኝ አንድ ልጅ ቶኩማ ነቀምት መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ደጇ ላይ ዋይ አለ። እታገኝ በሌሊት ልብሷ ወጣች። ልጄን አላለችም፤ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያም በጎኗ ወደቀች። ዓብዲሳ ራሱ በሚነዳው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ወደ አምቦ በረረ። ራሷን ጭኑ ላይ ይዞ የመጣው ረዳቱ ጉርሙ ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ፉአድ የሚባል ወጣት ነበር። ልቧን በመሣሪያ አይቶ ወጣና ሁለቱን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ አስረዳቸው። የልቧ ደም ሥር አልተዘጋም፤ ንጹሕ ነው። የመጣው ከጭንቅላቷ ነው። ሰው ሲደነግጥ ጭንቅላት ያዝዛል፣ ደም ውስጥ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ልብም ሩጥ ይባላል። ለሌላ ጊዜ ደግ ነገር ነው፤ ከጅብ ያስመልጣል። የእታገኝ ግን በአንድ ጊዜ በዛ። ልቧ አልቻለችውም፤ ጫፏ እንደ ፊኛ ተነፋ። አብዛኛው ሰው ይድናል፣ እሷም ትድን ይሆናል። ሁለተኛ እንዲህ ከደነገጠች ግን ዋስ አልሆንም አለ።

ዓብዲሳ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ አዳመጠ።

«ዶክተር፣ ነዳጁን ነው የነገርከን» አለ። «ፍሬንስ የለውም?»

ፉአድ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወና አሰበ። አለው አለ። ሩጥ የሚለው ያው ጭንቅላት፣ በሌላ መስመር ደግሞ ቀስ በል ይላል። ሰው ረጋ ብሎ ሲተነፍስ፣ የሚያምነው ሰው እጁን ሲይዘው፣ ብቻውን አለመሆኑን ሲያውቅ፣ ያ ኬሚካል ይቀንሳል። ነገሩ እንደ መብረቅ ከወረደበት ግን ፍሬኑ አይደርስም።

እታገኝ ዳነች። ከሆስፒታል በወጣች ቀን፣ ጌዶ አድርሰዋት ሲመለሱ፣ ዓብዲሳ ጉደር ቁልቁለት አፋፍ ላይ መኪናውን አቆመ።

«እዚህ ስንደርስ ምንድን ነው የምናደርገው?» አለ።

«ማርሽ እንቀንሳለን» አለ ጉርሙ።

«በቃ፣ መርዶም እንዲያ ነው።»

ዓብዲሳ የአምቦና የጌዶ መስመር ሾፌር ነበር፣ ጉርሙ ረዳቱ። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለሆሳስ፣ «ጌዶ» የሚል ረዳት ነበር ጉርሙ። «ተሳፋሪውን ጥራው እንጂ ለምን ታማክረዋለህ?» ይለው ነበር ዓብዲሳ። መኪናቸው ግን ይሞላ ነበር፤ ሰው የዓብዲሳን ጨዋታ ፈልጎ ይጠብቃቸዋል። በመስመሩ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ ስለሚያውቁ፣ በስልክ የማይነገረውን ነገር ሰው በእነሱ ይልክ ነበር። ማለትም መርዶ። ከእታገኝ በፊት ዓብዲሳ መልእክቱን ለሽማግሌ አድርሶ ዞር ይል ነበር። ከእታገኝ ወዲህ ግን ራሱ ገብቶ ይናገር ጀመር፤ በራሱ መንገድ።

መንገዱ ይህ ነው። በቀን ይሄዳል፤ ባለቤቱ እህል መቅመሱን ጎረቤት ጠይቆ ያረጋግጣል። ገብቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጉርሙ ከጎኑ። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ከብት። ከዚያ ውሃ ይጠይቃል። ግማሹን ይጠጣና ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጣል። ያ ሰው ሲጠጣ ዓብዲሳ አንጓውን ይይዛል፤ ይዞም ስለ ሟቹ ያወራል፣ ስለ ደጉ፣ ስለሚያስቀው። የትንፋሹን ልክ አይቶ፣ በመጨረሻ፣ ሳያለባብስ ይነግረዋል። እስኪመሽ አይነሳም። ጉርሙ ከጎኑ ሆኖ ብዙ ለቅሶ አየ። የሚወድቅ ሰው ግን አላየም።

ይህ ነገር በመስመሩ ሁሉ ታወቀና ዓብዲሳ ጉድ ፈላበት። ሰው ቤት ውሃ መጠየቅ አልቻለም። አንድ ጊዜ ጉደር ሠርግ ላይ ድፎ ዳቦ አንቆት «ውሃ» ቢል፣ የሙሽራዋ እናት የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ ድግስ ላይ የታሸገ አምቦ ውሃ ብቻ ሆነ የሚጠጣው። የመናኸሪያ ልጆች «ዓብዲሳ ጋዝ ያለው ከጠየቀ ሠርግ ነው፣ ጋዝ የሌለው ከጠየቀ ሩጥ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ከእንስራው እየቀዳ፣ ቀኑን ሙሉ የተጠማውን ያህል፣ ብቻውን ይጠጣ ነበር።

ጉበቱን ታሞ ከአልጋ ሲውል እህቱ እንዳትሰማ አደራ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጉርሙ ትራሱን ሲያስተካክልለት እጁን ያዘው።

«እታገኝን አንተ ትነግራታለህ።»

ጉርሙ ጣሪያውን አየ።

«ሰማኸኝ?»

«እኔ ወሬ አልችልም።»

«ለዚያ እኮ ነው» አለ ዓብዲሳ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጉርሙ ትራሱን እንደገና አስተካከለለት።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ዘሩባቤልና ለሊሴ ይከራከራሉ። ዘሩባቤል ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀው አንድ መንገድ ስለሆነ ነው። ለሊሴም አባቷ ሳይኖር የአባቷን መንገድ ማን እንደሚሄደው አታውቅም። እኔ ፊቷ ስቆም ገና ሳልናገር አለቅሳለሁ አለች።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ጉርሙ።

ዘሩባቤል በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ኦቦ ጉርሙ፣ እርስዎ ሄደው ምን ሊሉ?»

«‹ጌዶ› ብሎ ይመለሳላ» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ።

ድንኳኑ በሳቅ ተነቃነቀ። ለሊሴም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ጉርሙ አልተቀየመም። ዓብዲሳ ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚለው።

ሳቁ ሲበርድ ተስማሙ። ጉርሙና ለሊሴ ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ዘመዱም በሚኒባሱ ይመጣል፤ ግን ለሊሴ ስትደውልለት፣ ከሰዓት በኋላ። ያኔ እንደ ወጉ ያለቅሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ሄዱ። ጉርሙ እንደ ልማዱ በሩ ጋ ተቀመጠ። ጉደር ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ሲወርድ ጉርሙ «ማርሽ» አለ ለራሱ። ማንም አልሰማውም። በመንገዱ ሁሉ ቃላት ሲያዘጋጅ ነበር፤ ስለ ዝናቡ እንዲህ፣ ስለ ዓብዲሳ እንዲህ እያለ። ጌዶ ሲወርዱ የጌዶ ብርድ ፊቱን መታውና አንዱም አብሮት አልነበረም።

ለሊሴ የደም ግፊት መለኪያዋንና መድኃኒት ይዛ ጎረቤት፣ ሃዋኒ ቤት ገባች። አጥሩ አንድ ነው፤ ቢጣራ ትሰማለች። ሃዋኒም እታገኝ ቁርስ መብላቷን ነገረቻቸው።

እታገኝ ግቢዋ ውስጥ ከረጢት አንጥፋ የዘር ድንች ትለያለች። ቀና ብላ አየችው። ከኋላው ያለውን በር አየች። በሩ ክፍት ነው፤ ሌላ ሰው አልገባም።

«አካም ጅርታ፣ ጉርሙ።»

«ይመስገን፣ አዴ።»

«ግባ፣ ቁጭ በል።»

ከበሩ ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ፣ ሳያስበው፣ ወደ ጥግ ተጠጋ፤ የዓብዲሳን ቦታ ትቶ። እታገኝ ባዶውን ቦታ አየች፤ ድንቿን መለየት ቀጠለች። ስለ ዝናቡ ማንሳት ነበረበት። ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነው። ውሃ ልጠይቅ አለና ተወው። ቃሉን ካወጣው አለቀ። እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ደበቃቸው። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል።

እታገኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። መጥታ ከጎኑ፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ እጁንም ከጉልበቱ መካከል አውጥታ አንጓውን ያዘች።

«አንተ ሰው፣ ልብህ መንገድ ላይ ሊጥልህ ነው» አለች። «ዝም በል። መጀመሪያ ተንፍስ።»

ተነፈሰ። እሷም አብራው ተነፈሰች። ከአጥሩ ማዶ የሃዋኒ ዶሮ ትንጫጫለች።

«ውሃ የሚጠይቀኝ ማን ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ» አለች እታገኝ። «ለሊሴ ስልኩን ያነሳችልኝ ቀን ነው የጠረጠርኩት። በማግስቱ ትንሽ አወቅሁ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ወንድሜ እንደሚለው ማርሽ እየቀነስኩ ነው የወረድኩት።» «ግን የነገረኝ ሰው የለም። ያልተነገረኝን እንዴት ብዬ ላልቅስ?»

ጉርሙ ወደ እሷ ዞረ።

«ዓብዲሳ ሞተ፣ አዴ» አለ። «ታሞ ነው። እጁን ይዤው ነበር።»

እታገኝ አንጓውን አልለቀቀችም። ዕንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ፤ ትከሻዋ እየተነሳ እየወረደ፣ ረጅም ትንፋሽ እየሳበች አለቀሰች። ጉርሙ ሌላ እጁን እጇ ላይ ደረበ። ለሊሴን መጣራት እንዳለበት ያስታወሰው ቆይቶ ነው፤ ቀና ሲል እሷ አጥሩ ጋ ቆማ አፏን በሻርፗ ይዛ ታያቸዋለች።

እታገኝ ተነሳች። ቀስ ብላ ገባችና ከእንስራው ቀድታ ወጣች። ብርጭቆው ሙሉ ነው፤ ጥቂት ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ከጎኑ ተቀመጠች፤ ግማሹን ጠጣች።

ከዚያ የቀረውን ለጉርሙ ሰጠችው።